ሳጥኑ ባዶ እንዳይሆን

ተማሪዋ ከሥራ ስትመለስ የልጇ የመጻሕፍት ሳጥን ከክፍሉ በር ፊት ለፊት፣ መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ተማሪዋ» ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ የማታ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል መቁጠር ስትጀምር፣ ሴቶቹ በእንፋሎቱ መሐል እየተሳሳቁ ይህን ስም አወጡላት። አልከፋትም። ከዚያ በፊት እኮ ስሟ «አንቺ፣ ነይ ይህን ጫፍ ያዢ» ነበር።

ሳጥኑ የእንጨት ነው። ውስጡ ያለው በሙሉ የግጥም መጽሐፍ ነው፤ ቀጭን ቀጭኑ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የወዛ። ልጇ የመብራት መስመር ጠጋኝ ነበር። ደመወዝ ሲቀበል ከሸሚዝ በፊት መጽሐፍ ይገዛል። የሥራ ጓደኛውም የሱው ብጤ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ መሰላሉ ሥር ቁጭ ብለው አንዱን መጽሐፍ እየተቀባበሉ ሲያነቡ፣ መንገደኛው «እነዚህ ደግሞ መብራቱን በግጥም ሊያበሩት ነው» እያለ ያልፋቸው ነበር።

ነበር ነው እንግዲህ። ጓደኛው ምሰሶ ላይ እያለ በተዘጋው መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ተለቀቀ። ማብሪያው ጋ የቆመው ልጇ ነበር። ከሌላ ጣቢያ ይለቀቅ ከሱ እጅ፣ መሥሪያ ቤቱ ገና አጣርቶ አልጨረሰም። ልጁ ግን ለራሱ አጣርቶ ጨርሷል። ከቀብር ተመልሶ ክፍሉ ገባ፣ ከውስጥ ቆለፈ፣ በዚያው ቀረ። የሚበላውን በሩ ሥር ታስቀምጥለታለች፤ ግማሹን በልቶ ሳህኑን ይመልሳል። የሚወጣው እሷ ሥራ ስትሄድ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ያለውን አናጺ ጠርታ መፍቻውን ቁልፉ ላይ እንዳሳረፈ፣ ከውስጥ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ፦ «በሩን ከከፈታችሁት የምትፈልጉትን ሰው አታገኙትም።» አናጺው መፍቻውን ኪሱ ከቶ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ነው የወጣው።

እና አሁን ሳጥኑ።

«አባቴ፣ ይሄ ምን ሆኖ ወጣ?» አለች፣ በሩን በጣቷ ጫፍ እየነካካች።

ሳጥኑን በእግሯ ወደ በሩ ገፋ አደረገች።

«የኔ ጌታ፣ ልመልስልህ?»

«ውሰጂው፣ እማዬ። ላንቺ ነው። ማንበብ ችለሻል አይደል?»

ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! በሩን ልትስመው ምንም አልቀራት።

«ችያለሁ ይባላል? አንድ ገጽ ለመጨረስ ላብ በላብ የምሆን ሰው! ይሄን ሁሉ ደግሞ በየት አባቴ ልወጣው?»

«ስትጨርሺ ንገሪኝ» አላት።

እናት ናትና ደስ አላት። ልጄ ላበርታሽ አለኝ፣ ጎበዝ ልበልሽ አለኝ ብላ ተቀበለችው። እዚያው ቆማ ለራሷ ቃል ገባች፤ ዓመቱ ሳይወጣ ሳጥኑን ልትጨርስ።

በማግስቱ ይህን ስትናገር ላውንደሪው በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ የባሰችው አንሶላ አብራት የምታጥፈው ሴት ነበረች። ሬዲዮ ይሏታል፤ ማለዳ ከተከፈተች እስከ መውጫ ሰዓት አትዘጋም።

«ግጥም? ያውም ሳጥን ሙሉ!» አለች ሬዲዮ፣ የአንሶላውን ጫፍ ወደ ራሷ እየሳበች። «እኔ በዕድሜዬ ያነበብኩት ግጥም ባሌ ሲያጨኝ የሰጠኝን ነው። ያንንም ለጎረቤቴ ባሳያት፣ ለካ ለሷም ሰጥቷት ኖሯል!»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ? አገባሁት። ሁለት ሰው የማረከ ግጥም ነው ብዬ።»

ተማሪዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቀችው። ሲወጡ ግን ሬዲዮ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ «እንዲህ ሳቂልኝ። በርቺ። ልጅሽም ይሰማሻል» አለቻት።

የማታ መምህርቷም ደስ አላት። ወጣት ናት፤ ተማሪዎቿ በሙሉ ሊወልዷት ይችላሉ። «ግጥም ጥሩ ነው ለእርስዎ» አለቻት። «መስመሩ አጭር ስለሆነ ትንፋሽ ይሰጣል። አደራ፣ ከበደኝ ብለው መስመር እንዳይዘሉ። የዘለለ አንባቢ ቤቱ ሳይገባ አጥሩን ዞሮ የተመለሰ እንግዳ ነው።»

ተማሪዋ አደራ የማትበላ ሰው ናት። አልዘለለችም።

ከሥራ እንደተመለሰች በርጩማዋን ይዛ መተላለፊያው ላይ፣ በሩ ጋ ትቀመጣለች። መጀመሪያ እዚያ የተቀመጠችው ለብርሃኑ ነው፤ የቤቱ ትልቅ መስኮት ያለው እዚያ ነው። ደግሞ ድምፅ ሳታሰማ ማንበብ አትችልም። ከንፈሯ ከተዘጋ ዓይኗም ይዘጋል። ስለዚህ ፊደልን ከፊደል እያጋባች፣ ጣቷን ከሥር ከሥር እያስኬደች፣ ጮክ ብላ ታነባለች። ትርጉሙ አብሯት አይሄድም። መጀመሪያ አፏ ይለዋል፤ መስመሩ ካለቀ በኋላ፣ አንዳንዴም ገጹ ከተገለጠ በኋላ፣ «አሃ፣ እንዲህ ነው ለካ!» ትላለች። መብረቁ ካለፈ በኋላ እንደሚመጣው ነጎድጓድ ዓይነት።

ውስጥ ያለው ልጅ ይሰማ ነበር። እንዴት አወቀች? ማንበብ ስትጀምር የአልጋው ሽቦ መንቋቋቱን ያቆማል። አንዳንዴ አንድ ቃል ላይ ተሰናክላ ስትወድቅ ስትነሳ ከውስጥ ቃሉን ይነግራታል፤ ቃሉን ብቻ፣ ሌላ ምንም። እሷ ግን በዚያች አንድ ቃል ቀኑን ሙሉ ካውያውን እንደ ላባ ስታነሳው ትውላለች።

ያነበበችውን መጽሐፍ ቁምሳጥኑ ላይ ትደረድራለች። ሳጥኑ እየጎደለ፣ ቁምሳጥኑ እየሞላ ሄደ። ጣቷም ፈጠነ። ሬዲዮ በየጠዋቱ፣ «ዛሬስ ስንተኛው ላይ ደረስሽ? ለኛ ደግሞ መቼ ነው የምታነቢልን?» ትላለች። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሁለቴ አነበበችላቸው። የእጥበት ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች፤ ምን እንዳስለቀሳት ስትጠየቅ ሳሙናው ነው አለች።

በዚህ መሐል ልጁም ክፍሉን እያጸዳ መሰላት። አንድ ቀን ከሳህኑ ጋር የእጅ ሰዓቱን አወጣ፦ «ለአክስቴ ልጅ ስጪልኝ።» ሌላ ቀን የሥራ ጓንቱንና የወገብ መሣሪያ መያዣውን፦ «ለመሥሪያ ቤት መልሽልኝ።» ከዚያ ኮቱን። «የኔ ልጅ እንደ ሙሽራ ቤት ያጸዳል» ብላ ለሬዲዮ አወራች። ሬዲዮ የዚያን ዕለት ጥርሷ አመማት መሰል ብዙም አልመለሰችላትም።

ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት መጻሕፍት ሲቀሩ፣ ሽፋኑ የተላጠ አንድ መጽሐፍ እጇ ገባ። ከውስጡ የሁለት ሰው የእጅ ላብ ሽታ የሚመጣ መሰላት። እንደ ልማዷ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። መስመር ሳትዘል፣ ቃል ሳታስቀር፣ ወደ መሐሉ ስትደርስ እንዲህ የሚል ገጽ መጣ፦

«የቀደመኝ ጓዴ ከወንዝ ማዶ ቆሞ፣
እጁን ያወዛውዛል ናልኝ ብሎ ደግሞ፤
ውሃው ጥልቅ አይደለም፣ ነፋሱም ዝም ብሏል፣
የሚቀረኝ ነገር ጫማ ማውለቅ ሆኗል።»

ደህና አድርጋ አነበበችው። አንድም ቃል አላሰናከላትም። እንዲያውም ቤት ሲመታ ጆሮዋን ደስ ስላለው ፈገግ ብላ ገጹን ልትገልጥ ነበር።

«እንደገና አንብቢው» አለ ልጇ።

ከበሩ ጋ ነበር ድምፁ የመጣው። ከአልጋው አልነበረም፤ ከእንጨቱ ማዶ፣ ከፊቷ እኩል።

«ወደድከው፣ አባቴ?»

«እንደገና አንብቢልኝ፣ እማዬ።»

ልጅ ለምኖ እናት እንዴት እምቢ ትላለች? ጣቷን ወደ ላይ መልሳ ጀመረች። ሁለተኛ ጊዜ ግን ቃሉን መፈለግ አላስፈለጋትም፤ አፏ መንገዱን ለምዶታል። ትርጉሙም ወደ ኋላ አልቀረም። ቃል በቃል አብሯት ሄደ። «ጫማ ማውለቅ» ላይ ስትደርስ ጣቷ ከገጹ ላይ ተነሳ።

«አመሰግናለሁ» አለ ልጁ። ከዚያ የአልጋው ሽቦ ተንቋቋ።

ጠዋት ለሥራ ስትነሳ ጫማዎቹ ከበሩ ውጪ ነበሩ። ተወልውለዋል። ክሩ ውስጣቸው ተጠቅልሎ ገብቷል። ጫፋቸው ወደ መውጫው አቅንቷል።

ላውንደሪው ስትደርስ ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ሬዲዮ የያዘችውን አንሶላ ለቀቀችው። የታጠበ አንሶላ ወለል ላይ ወድቆ ማንም ያላነሳበት ቀን ያ ብቻ ነው።

«ነይ» አለቻት፤ ጎትታ ከካውያዎቹ ኋላ፣ ቆሻሻ ልብስ የሚከመርበት ጓዳ አስገባቻት። «እህቴ፣ ስሚኝ። አትቆጪኝ። ወንድም እንደነበረኝ ነግሬሽ አውቃለሁ?»

«አንቺ? ያልነገርሽኝ ነገር አለ እንዴ?»

«ይሄን ለማንም አልነገርኩም። ሰዓቱን ሰጠኝ። ‘እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ውሰጂው’ አለኝ። ደስ ብሎኝ አሰርኩት። ሰው ሁሉ ‘አምሮብሻል’ አለኝ። በሳምንቱ ...» ሬዲዮ ተዘጋች። ተማሪዋ ስትዘጋ ያየቻት ያኔ ብቻ ነው። «ዕቃውን የሚያከፋፍል ሰው ቤት እያጸዳ አይደለም። እየተሰናበተ ነው።»

ተማሪዋ የቆሻሻ ልብሱ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ከብዙ ቀናት በፊት የሰማችው ቃል ገና አሁን ጆሮዋ ደርሶ ነበር። *ስትጨርሺ ንገሪኝ።* እሷ ላበርታሽ ያላት መስሏት! ልጁ የሰጣት ቀጠሮ ነበር። መጽሐፍ በመጽሐፍ፣ ገጽ በገጽ፣ መስመር ሳትዘል፣ በትጋት፣ በገዛ አንደበቷ ወደዚያ ቀጠሮ ስትወስደው ነው የከረመችው።

«ሳጥኑ ውስጥ ስንት ቀረ?» አለች ሬዲዮ።

«የያዝኩት አለ። ከሱ ሌላ አንድ።»

«በይ እንግዲህ አትጨርሺ!»

ከላውንደሪው ስልክ ጤና ጣቢያ ደወሉ። የአእምሮ ሐኪሟ ለሥራ ከከተማ ወጥታለች፤ በስልክ ግን አገኟት። አላጣደፈችም፤ ሁሉንም ጠየቀች። «በሩን አስገድዳችሁ አትክፈቱ» አለች። «ብቻውን አይተዉት። ያንን ንባብ ይሰማል ካሉኝ እሱን ያዙ፤ ክሩ እሱ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ሁኔታው ከተለወጠ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ፣ ሌላ ሰው እልካለሁ።»

ሬዲዮ «ፈረቃሽን እኔ እሸፍናለሁ፣ አለቃውን ለኔ ተዪው፣ በወሬ እገድለዋለሁ» ብላ ወደ ቤቷ ሰደደቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሌላ ንባብ ነበር። ተማሪዋ ሥራዋን ትታ ከጠዋት እስከ ማታ በርጩማዋ ላይ ዋለች። የምታውቀውን ቃል እንደማታውቅ ሆና ትንተባተባለች። አንዱን ግጥም ሁለቴ ታነባለች። አንዴ እሷ ራሷ ስለ አንድ ቃል ትጠይቀዋለች፤ አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ዝም ሲል ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ትለጥፋለች። ትንፋሹን እስክትሰማ ድረስ የራሷን ትይዛለች።

ማታ ለአንድ አፍታ ሬዲዮን በሩ ጋ አስቀምጣ ወደ መምህርቷ ሮጠች። «ግጥም! ያለሽን ሁሉ!» አለቻት። መምህርቷ የእናትየዋን ፊት አይታ ምንም አልጠየቀችም። ከመደርደሪያዋ ያገኘችውን አንስታ ሰጠቻት፤ አንዱ የገዛ አባቷ ስጦታ ነበር። ተማሪዋ በነጠላዋ ሸፍና አምጥታ፣ እንደ ሌባ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች፣ ሳጥኑ ውስጥ ከሥር ከተተቻቸው። ሳጥኑ ከጎደለበት ትንሽ ሞላ። እሷም ትንሽ ተነፈሰች።

ጉሮሮዋ ግን እየከዳት ነበር። የላውንደሪው እንፋሎት ከድሮም አዳክሞታል፤ ቀን ከሌት ጮክ ብሎ ማንበብ ሲጨመርበት ድምፅዋ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ። ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች፤ ለጥቂት መስመር ይመለሳል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሬዲዮ «እኔ ላንብብለት» ብላ ነበር። ገና አንድ መስመር ስትጀምር ከውስጥ፣ «እማዬ የለችም?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ጥያቄው እንዴት ቀዝቃዛ እንደነበር ሁለቱም ሰሙት። ሬዲዮ መጽሐፉን መለሰችላት።

ዓርብ ደረሰ። የልጁ መጻሕፍት ጠዋት አለቁ። ከቀትር በኋላ ሬዲዮ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ፣ የሐኪሟ መኪና መንገዱን እንዳይስት ዋናው መንገድ ላይ ልትቆም ወጣች፤ ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ፣ በመሐላቸውም በር ቀረ። ተማሪዋ ከመምህርቷ መጻሕፍት የመጀመሪያውን፣ አባቷ የሰጣትን፣ ገለጠች፦

«የጎረቤት ዶሮ ሰዓቱን አያውቅም፣
ቀትር ላይ ይጮኻል፣ ደግሞም አይሳቀቅም ...»

«ይሄ የኔ አይደለም» አለ ልጇ።

ጣቷ ቆመ።

«ምኑ፣ አባቴ?»

«መጽሐፉ። የኔን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። የትኛውም ውስጥ ዶሮ የለም።»

«ሳታየው ቀርተህ ይሆናል እንጂ ...»

«እማዬ።»

ውሸት አትችልበትም። ከድሮም አትችልበትም።

«ጨመርኩበት» አለች።

«ለምን?»

«እንዳያልቅ።»

በማዶ በኩል አንድ ነገር በሩን ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ጀርባው ይሆናል። አሁን ሁለቱም ቁጭ ብለዋል፤ ጀርባው ካለበት እስከ ጉልበቷ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

«ስትጨርሺ ንገሪኝ ነበር ያልኩሽ።»

«አልጨረስኩማ!»

«የኔን ጨርሰሻል። መቼ ነው የጨረስሽው?»

«ልጄ፣ እኔ መሃይም ሴት ነኝ፣ መጨረስ የሚባል ነገር አላውቅም። ሳጥኑ ካለቀ ሌላ ሳጥን አመጣለሁ። አገር ምድሩ ግጥም ነው። እስክሞት አነብልሃለሁ።»

«አታለልሽኝ።»

«አዎ፣ አታለልኩህ! ታዲያ እናት ምን ልታደርግ ኖሯል?»

ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰነጠቀ። እሷም ክርክሩን ትታ ወደ ዶሮው ልትመለስ፣ ጣቷን ሦስተኛው መስመር ላይ አሳርፋ አፏን ከፈተች።

ምንም አልወጣም።

ጎንጨት አድርጋ ውሃ ጠጣች። ከፈተች። አየር ብቻ። ጉሮሮዋ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ሲር አለ። እንደገና ሞከረች። ቃሉ ዓይኗ ላይ አለ፣ ከንፈሯም ቅርጹን ይሠራል፤ ድምፁ ግን ሄዷል፤ ሙልጭ ብሎ ሄዷል።



«እማዬ?» አለ ልጁ።

አፏን ከበሩ ስንጥቅ አስጠግታ በሙሉ ኃይሏ ተነፈሰች። ለራሷ እንኳ አልተሰማትም።

«ጨረስሽ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አይ፣ አይ፣ አይ። በር የራስ ንቅናቄ አያይም። እጇን አንስታ ልታንኳኳ አለች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ማንኳኳት አዎ ቢመስለውስ?

«እሺ፣ እማዬ» አለ፤ ድምፁ ረጋ ያለ ነው፣ ያንን ግጥም ደግማ ካነበበችለት በኋላ «አመሰግናለሁ» እንዳለው ዓይነት። ጀርባው ከእንጨቱ ተነሳ። ባዶ እግሩ ወለሉ ላይ ሲራመድ ሰማች። ወደ አልጋው አይደለም። አልጋው በግራ ነው፤ እርምጃው ወደ ቀኝ ሄደ።

ያን ጊዜ ተማሪዋ፣ መጽሐፍ ስትይዝ እጇን ሁለቴ የምትታጠበው ሴት፣ የመምህርቷን አባት ስጦታ ከመሐሉ ያዘች። እጇ ያረፈበትን ገጽ ከነሥሩ ገነጠለችው። የወረቀቱ መቀደድ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጩኸት ይልቅ ተሰማ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ወደ ውስጥ ገፋችው፤ ጠርዙ እንጨቱን ነክቶ ታጠፈ፤ በጥፍሯ አቃንታ ጨርሳ ገፋችው።

እርምጃው ቆመ።

ሁለተኛ ቀደደች። ገፋች። ሦስተኛውን እያጣደፈች ጫፉን አጎደለችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

አራተኛ።

«እማዬ፣ መጽሐፍ እየቀደድሽ ነው?»

በማዶ በኩል አንድ ወረቀት ከወለል ተነሳ፤ ሲንኮሻኮሽ ሰማችው። እሷ ትንፋሿን ያዘች። ልጁም የያዘ ይመስላል። ከዚያ ድምፅ መጣ። ስሜት የለውም፤ የቆጣሪ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው ነበር ያነበበው፦

«ጃንጥላዬ ሁሌ ሲዘንብ የሚጠፋ፣
በፀሐይ ቀን ደግሞ በር ላይ ያንቀላፋ ...»

ቆመ። የመጨረሻው መስመር ሌላኛው ገጽ ላይ ነበር፤ እሷ ጋ። ፈልጋ አገኘችውና ገፋችው። ወረቀቱ ከእጇ ሳይለቅ በወዲያ በኩል ሌላ እጅ ጫፉን ያዘው። ለአንድ አፍታ ሁለቱም ያዙት። ከዚያ ለቀቀችለት፤ ማንበቡን ቀጠለ።

እሷም ቀጠለች። ስትቀድድ ያነባል፣ ሲያነብ ትቀድዳለች። መጽሐፉ በእጇ ውስጥ እየሳሳ መጣ። ወደ ሳጥኑ ዞር ብላ የቀሩትን አየች፤ ብዙ አይደሉም፤ ልጁ ደግሞ እሷ እንደምታነበው ቀስ ብሎ አያነብም። ጆሮዋን ወደ መንገዱ ጣል አደረገች። መኪና አልተሰማም። የሬዲዮ ድምፅም አልተሰማም።

ልጁ ገጹን ጨረሰ፤ እየጠበቀ ነው።

ቀጣዩን ቀደደች።